ሳህሌ ሲሞት ያልተናገረው ቃል

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። እኔ ለብዙ ዓመት እዚያ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ የምታዩኝ ሴት ነኝ። መድረክ ላይ መውጣት አልወድም። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል ብዬ፣ ራሴ ለምኜ ነው የወጣሁት። ሽማግሌዎቹ "አጠር ያድርጉት" ብለውኛል። የሚያጥረውን አሳጥራለሁ፤ የማያጥረውን ታገሱኝ።

ስሜ ብርቄ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ቁልፍና ክር የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ብዙ አልተማርኩም። ማንበብ ግን አነባለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ። ከልጅነቴ ተጠራጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ ደግሞ አባባሰው። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ይዞ ይመጣና "ከዚህ ጋር የሚሄድ ክር ስጪኝ" ይለኛል። በሱቄ መብራት መርጬ ሰጥቼ አላውቅም። ጨርቁንም ክሩንም ይዤ ወደ ደጅ እወጣለሁ። በመብራት አንድ የመሰለው በፀሐይ ሌላ ነው። ሰውንም የማየው እንዲሁ ነው። የሰፈር ልጆች "እማማ ፍተሻ" ይሉኛል፤ አልተቀየምኳቸውም።

ያደግሁት እዚሁ አራዳ ነው። ወላጆቼ ጾሙንም በዓሉንም የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። እኔ ከእነርሱ የወሰድኩት ልማዱን ብቻ ነው፤ ልቤን ለማንም አልሰጠሁም። ልጄ ማርታ ጌታን አግኝታ ወደዚህ ቤት መምጣት ስትጀምር አብሬያት መጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣሁት ልጄን ልጠብቅ እንጂ ላመልክ አይደለም። ምን እያሏት ይሆን ብዬ ነው።

ስብከቱን እሰማለሁ፤ መዝሙሩም ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። እምነት ማለት ጥያቄ መተው ይመስለኝ ነበር። አእምሮዬን እንደ ረጠበ ጃንጥላ በር ላይ አስቀምጬ ካልገባሁ ጌታ የማይቀበለኝ ይመስለኝ ነበር። ያንን ደግሞ አላደርገውም። ስለዚህ ዓመታት በሩ አጠገብ አለፉ። ጌታ ይባረክ፣ እርሱ ግን አልቸኮለም።

ማርታ የስኳር ሕመም አለባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ኢንሱሊን መርፌ ኖራ አታውቅም። ሊዲያ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻት፤ ሦስታችን አንድ ቤት ነን። ባሌ ሳህሌ ጉራጌ ነበር፤ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ መሐል፣ ደረጃ ሥር ተቀምጦ ሰዓት ይሠራ ነበር። ያረፈው ዐምና ነው፤ ሊነጋጋ ሲል፣ በገዛ አልጋው። ማርታ ልጇን ይዛ ለሥራ አዳማ ሄዳ ስለነበር አጠገቡ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለለቅሶው ድንኳን ተጣለ። ሰፈራችን ለመንገድ ከፈረሰ ወዲህ የዕድራችን ሰው ተበትኗል። ብዙው ከከተማው ዳር፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ፣ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ከሳህሌ አገር የመጡትንም ሁሉንም አላውቃቸውም። ለቅሶ ቤት ደግሞ "አንቺ ማነሽ?" ተብሎ አይጠየቅም። የመጣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይሰጠዋል፣ አልቅሶ ይሄዳል።

የሳህሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘርጋ ከወልቂጤ መጡ። ድንኳኑ መሐል ቆመው፣ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ፣ "ወንድሜ ሲሞት እጁን ዘርግቶ፣ ማርታ የበረከት ልጄ ብሎ፣ መርቆ ነው ያለፈው" አሉ። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ማርታም ሰማች።

ወገኖቼ፣ ጋሼ ዘርጋ በዚያ ሌሊት ወልቂጤ ነበሩ። ያዩት ነገር የለም። ግን ታውቁታላችሁ፤ በእኛ አገር ሟች ሳይመርቅ አይሞትም። ካልመረቀ ታላቁ ይመርቅለታል። የሐዘን ወግ ነው፤ ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም፤ እኔም አልቆጠርኩትም። በለቅሶ ላይ የቆመ ሽማግሌ አይታረምም። ማርታ ግን ያንን ቃል ይዛ ቀረች። "አባዬ ስሜን ጠርቶ ነው የሞተው" ትላለች። እኔም አላረምኳትም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ማርታ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሌላ ቦታ መሄድ ጀመረች። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ በኪራይ የተያዘ አዳራሽ ነው። እዚያ "ነቢይ" የሚሉት ወጣት አለ። ስሙን አልጠራም። እዚህ ቆሞ መልስ በማይሰጥበት ቦታ ሰውን በስሙ መክሰስ ፍትሕ አይደለም።

አንድ ቀን ማርታ ከዚያ መጥታ፣ "እማዬ፣ መድኃኒት መውሰድ እኮ ጌታን አለማመን ነው" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"ነቢዩ።"

"ነቢዩስ ሲያመው ምን ይወስዳል?"

"አያመውም።"

"ታዲያ መነጽር ለምን ያደርጋል? ስልክሽ ላይ ፎቶውን አይቻለሁ።"

"እማዬ ደግሞ፤ ለማማር ነዋ።"

"ለማማር ከሆነ እሺ። አላማረበትም።"

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ሆኖም ሰውን ሳልሰማ አልፈርድም። ይህ ከእናቴ የወረስኩት ነው። "እሁድ እኔም እመጣለሁ፤ ራሱ ሲናገር ልስማው" አልኳት። ደስ አላት።

አዳራሹ በቀይና በሰማያዊ መብራት ተሞልቷል። የሰው ፊት እንኳ በመልኩ አይታይም። በልቤ "ብርቄ፣ እዚህ ውስጥ ምንም እንዳትወስኚ" አልኩ። መድረኩ ሥር ትልቅ ቅርጫት ተቀምጧል። ሰዎች መድኃኒታቸውን እየጣሉበት "ነፃ ወጣሁ" ይላሉ። የደም ግፊት ኪኒን ሲጣል አየሁ። አንዲት እናት የልጇን የአስም መድኃኒት ስትጥል አየሁ።

ከዚያ ሰውየው ማይኩን ይዞ ዐይኑን ጨፈነ። "ማርታ የምትባል" አለ። ማርታ ብዙ ናት አልኩ በልቤ። "አባቷን የቀበረች" አለ። እርሱም ብዙ ነው። "አባትሽን አያለሁ። ሰዓቶች ይታዩኛል። በመጨረሻው ሰዓት እጁን ዘርግቶ፣ ማርታ የበረከት ልጄ ሲል እሰማለሁ። ያ በረከት ዛሬ ይፈጸማል። መርፌውን ጣዪው፤ አባትሽ መርቆሻል፣ ጌታም ፈውሶሻል።"

አዳራሹ ተናወጠ። ማርታ እያለቀሰች ሄዳ ከቦርሳዋ ያለውን ኢንሱሊን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። ሰው ሁሉ ቆመ፤ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ወገኖቼ፣ አስቡት። ሳህሌ እጁን አልዘረጋም። አንዱን እጁን እኔ ይዤው ነበር፤ ሌላው ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር። የማርታን ስም አልጠራም። እግዚአብሔር ያልሆነን ነገር ሆኗል ብሎ ያሳያል? ይህ ሰው የሳህሌን አልጋ አላየም። የሰማው የጋሼ ዘርጋን ድንኳን ነው።

ስንወጣ በር ላይ ሰው የምታስተናግደውን ሴት ትኩር ብዬ አየኋት። ያቺን ሴት ለቅሶው ላይ ሰውን ውሃ ስታስታጥብ ያየኋት መሰለኝ። እኔ ያኔ የዕድሩ ሰው መስላኝ "ጌታ ይስጥሽ" ብያታለሁ። በኋላ የዕድሩን ሴቶች ስጠይቃቸው እነርሱ ደግሞ የባሌ ዘመድ መስላቸው ነበር። እርሷ ናት ብዬ ግን አልምልም፤ መምሰልና መሆን ይለያያሉ።

ሰውየውን መኪናው ጋ ደረስኩበት። "ልጄ፣ የማርታ እናት ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅህ" አልኩት።

"ተባረኩ እናቴ፣ ይጠይቁ።"

"ባሌ እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ አየሁ ያልከው፣ አጠገቡ ማን ይታይሃል?"

"ቤተሰቡ በሙሉ ከቦታል። ወንድሙ ቆሞ ያለቅሳል።"

"ወንድሙ ያን ሌሊት ወልቂጤ ነበሩ። ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እጁንም አልዘረጋም።"

ፈገግታው ጠፋ። "እናቴ፣ መንፈስ አይጠየቅም። ጥርጣሬ ከጠላት ነው" አለኝ።

"ልጄ፣ ዳኛም ይጠየቃል። አብርሃም እግዚአብሔርን ስለ ከተማ ሲከራከረው እግዚአብሔር መለሰለት እንጂ አልተቆጣም። አንተ ከማን በልጠህ ነው የማትጠየቀው?"

የመኪናውን በር ዘጋብኝ።

ያን ማታ ማርታ አልወጋም አለች። ማቀዝቀዣ ውስጥ የቀረውን ኢንሱሊን አውጥቼ ለመንኳት። ተቆጣሁ፤ እንደገና ለመንኩ። "እማዬ፣ አንቺ እኮ በምንም አታምኚም" አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ስለዚህ ነው ያመመኝ። የአባቷን ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ፊቷን አይቼ መልሼ ዘጋሁት። ሳህሌ ከሞተ ወዲህ ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ይህን ሰው ሐሰተኛ ለማለት መጀመሪያ የአባቷን ምርቃት ከእጇ መንጠቅ ነበረብኝ። እናት ይህን እንዴት ታደርጋለች?

ሲነጋ የዚህ ቤት ሽማግሌ ወደ ሆነው ወደ ወንድም አስፋው ሄድኩ። ይኸው እዚህ ተቀምጧል። ማንንም አላመንኩም ነበርና ሰላምታ እንኳ ሳልሰጠው፣ "እናንተስ ለቅሶ ቤት ሰላይ ትልካላችሁ?" አልኩት።

"ለቅሶ ቤት የምንሄደው ለማልቀስ ነው፣ እትዬ ብርቄ" አለኝ። "ግን በቃሌ አይመኑኝ፤ ያጣሩ።"

አይመኑኝ ያለኝ ሰባኪ እርሱ የመጀመሪያው ነው። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ወደ እኔ አዞረው፤ "እኔ ላንብብልዎት" አላለም። ሐዋርያው መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ ከእግዚአብሔር መሆኑን እንድንመረምር ያዘዘውን ራሴ አነበብኩ። ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲመዝኑ የተጻፈውን አነበብኩ። ጳውሎስ የታመመውን ጢሞቴዎስን ለሆዱ የሚበጀውን እንዲወስድ እንደ መከረው አነበብኩ፤ እምነት ጎደለህ አላለውም። ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ቅዱሳን፣ ዕድሜዬን ሙሉ በር ላይ ተዪው የተባልኩ የመሰለኝን ነገር ጌታ ይዘሽ ግቢ እያለኝ ነበር። ስሙ ይባረክ። እንዳልጠይቅ ይከለክለኝ የነበረው እርሱ አልነበረም፤ መጠየቅን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው።

ወንድም አስፋው፣ "በአንድ ምስክር ነገር አይጸናም። ሌላ ምስክር አለዎት?" አለኝ።

"ጋሼ ዘርጋ" አልኩት። ተነስተን ወደ ቤት ሄድን።

ስንደርስ ሊዲያ ደጃፍ ላይ ታለቅሳለች። ማርታ አልጋ ላይ ናት። እኔ ከወጣሁ ጀምሮ ስታስመልስ ነበር፤ ውሃ ብትጠጣ አይበቃትም፣ ትንፋሿም እንደ ሯጭ ነው። "ፈተና ነው፣ ያልፋል" ትላለች፤ ከንፈሯ ደርቆ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና "አባትሽ ሲሞት አልመረቀም" አልኳት።

"የኔን ስም ስለጠራ ቀንተሽ ነው" አለችኝ።

ሊዲያ ለጋሼ ዘርጋ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

"ጋሼ ዘርጋ፣ ማርታ ትሰማዎታለች። ሳህሌ ሲሞት መረቃት ያሉትን ከማን ሰሙ?"

"ምነው ብርቄ? ዛሬ ይህን ምን አመጣው?"

"ልጅቱ ልትሞትብኝ ነው።"

"ከማንም አልሰማሁም" አሉ ቀስ ብለው። "ወንድሜ ነው። ልጁን ይወዳታል። አፉ ቢላቀቅለት ይህን ይላል ብዬ ነው። ምርቃት ሳይሰማበት የሚቀበር ሰው አለ እንዴ? ማርታ፣ ልጄ፣ ያ ምርቃት የኔ ነው። የኔንም አትናቂብኝ።"

ማርታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "ታዲያ አባዬ ምን አለ?" አለችኝ።

"ውሃ ስጪኝ አለ። ጠጣ። በረደኝ አለ፤ አለበስኩት። ከዚያ ተኛ፤ አልነቃም።"

"ስሜን አልጠራም?"

"አልጠራም።"

ወገኖቼ፣ ያንን ስላት ከገዛ ልጄ ላይ ልብስ የገፈፍኩ መሰለኝ። ሳህሌን ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረምና ጨመርኩላት። "ሲሞት ያለውን ጠየቅሽኝ፤ ነገርኩሽ። ሲኖር ምን ይል እንደነበር ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ። ጧት ጧት ጫማውን እያሰረ ምን ይለኝ ነበር?"

ዐይኗን ጨፈነች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። "ማርታ መርፌዋን ተወጋች?" አለች፣ በአባቷ አነጋገር።

"ይህን ሳይጠይቅ ከቤት ወጥቶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ይህንን ነቢይሽ አላየም። ድንኳኑ ውስጥ ማንም አላነሳውማ።"

"ውሰዱኝ" አለች።

ወንድም አስፋው ተሸክሟት ወረደ፤ ታክሲ ይዘን ሆስፒታል ገባን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ነገሩን ስትሰማ አላላገጠችብንም፤ ጌታ ይባርካት። "እማማ፣ ስኳሩ ደሟን መርዞታል፤ ከዚህ ብትዘገዩ ኖሮ አናገኛትም ነበር" አለችኝ። ቀጥላም "እምነቷን አልነካባትም። መርፌዋን ግን ማንም እንዳይነካባት" አለች።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ጸሎት አላውቅም ነበር፤ የሰው ጸሎት ስሰማ ነው የኖርኩት። እንዲህ አልኩ፦ "ጌታ ሆይ፣ በስምህ የመጣውን ሰው መርምሬ ሐሰት ሆኖ አገኘሁት። አንተንስ ልመርምር? ልጄን ባትመልስልኝስ አንተ ማነህ?" ነጎድጓድ አልሰማሁም፤ ራእይም አላየሁም፤ ቢታየኝም ኖሮ እጠራጠረው ነበር። ያገኘሁት ይህን ነው፦ ጥያቄዬን ስጨርስ አልተባረርኩም። ቶማስ ቁስሉን ካላየሁ ሲል ጌታ እጁን ዘርግቶ እንዳሳየው ትዝ አለኝ። ያንን ታሪክ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ስለ እኔ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ማርታ ትኑር አትኑር ገና ሳላውቅ፣ እዚያው ቆሜ "ያንተ ነኝ" አልኩት። ክብር ለእርሱ ይሁን። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪሟ ወጥታ "ትተርፋለች" ያለችኝ።

ማርታ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ከወንድም አስፋው ጋር ወደዚያ አዳራሽ ተመለስኩ። ሰውን ፊት ለፊት ሳይነግሩ ከኋላው ማውራት ሐሜት ነው። ሰውየው ሊያየኝ አልፈለገም፤ "የጠላት መልእክተኛ ናት" ብሎ ላከብኝ። በር ላይ ያቺን ሴት አገኘኋት። "ልጄ፣ ለቅሶዬ ላይ ነበርሽ ወይ?" አልኳት። አቀረቀረች። "እማማ፣ እኔም ልጄ ታሞብኝ ነው እዚህ የገባሁት" አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኋትም። እጸልይላታለሁ፤ እናንተም ጸልዩላት።

አሁን አንዳንዳችሁ "እትዬ ብርቄ ፈውስን ካደች" እንዳትሉ። ጌታ ይፈውሳል። ማርታን እንዲፈውሳት ጧት ጧት እለምነዋለሁ። የፈወሳት ቀን ሐኪሟ ዘንድ ሄደን እንመረመራለን፤ የጌታ ሥራ ምርመራ አይፈራም። እስከዚያው ግን መርፌውም የእርሱ ስጦታ ነው። ከጌታና ከመድኃኒት አንዱን ምረጡ የሚላችሁን ሰው፣ ማን አጣላቸው ብላችሁ ጠይቁት። አልጠየቅም ካለ፣ ጫማችሁን አንስታችሁ ውጡ።

እኔንም ቢሆን ስላለቀስኩ አትመኑኝ። ማርታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ሊዲያም አጠገቧ። ዛሬ ጧት ተወግታ ነው የመጣችው። ስወርድ ሄዳችሁ ጠይቋት፤ የጋሼ ዘርጋንም ስልክ እሰጣችኋለሁ፣ ጨዋታ ይወዳሉ። አጣርታችሁ እውነት ሆኖ ካገኛችሁት፣ እንደ እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጣችሁ ዓመት የፈጃችሁ ሁሉ፣ ጥያቄያችሁን እንደያዛችሁ ወደ ጌታ ኑ። እኔ ብዙ ጠይቄዋለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣኝም።